ለብቸኛው ኦስካር ጎረቤት መምረጥ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚገኙ አንዳንድ መኖሪያ ቤቶች፣ በእንግዳ መቀበያው መጅሊስ አንድ ጥግ ላይ ሰፊ የመስታወት ገንዳ ይቀመጣል። በውስጡም ጥቁር ገላው ላይ የብርቱካን ቀለም ነበልባል የተረጨበት የሚመስል፣ ርዝመቱ ስንዝር ተኩል የሚሆን አንድ ዓሣ ብቻውን ወዲያ ወዲህ ይላል። ኦስካር ይባላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ ምስኪን ብቻውን አይሰለቸውም?» ልጆችም ጓደኛ እንዲገዛለት ይወተውታሉ። በመጨረሻ ከዓሣ ሻጭ በላስቲክ ከረጢት የመጡ ዐሥር ጌጠኛ ትንንሽ ዓሦች ማታ ወደ ገንዳው ይለቀቃሉ። ሲነጋ ግን በገንዳው ውስጥ ያለው ያው አንዱ ኦስካር ነው፤ ልዩነቱ ሆዱ መነፋቱ ብቻ ነው።

ነገሩ ፈገግ ቢያሰኝም ለሁሉም ሰው ቀልድ አይደለም። ገንዳውን ማጽዳትና ዓሣውን መመገብ ከዕለት ሥራዋ ጋር ለተጨመረባት የቤት ሠራተኛ፣ ስለ ሞተ ወይም ስለ ጠፋ ዓሣ መጀመሪያ የምትጠየቀው እርሷ ናት። ዓሣው ለዓመታት አብሮ የኖረ የቤቱ ልጆች ወዳጅ ሲሆን ደግሞ ኀዘኑም ወቀሳውም ይከብዳል። በገዛ ቤታቸው አኳሪየም ላቋቋሙ ነዋሪዎችም ቢሆን፣ ያልተጠና ምርጫ ገንዘብን በውሃ ላይ ከመበተን አይለይም። ስለዚህ ኦስካርን ከማን ጋር ማኖር እንደሚቻልና ከማን ጋር እንደማይቻል አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ኦስካር የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው። በአማዞን ተፋሰስ፣ በብራዚል፣ በፔሩና በኮሎምቢያ ቀስ ብለው በሚፈስሱና ጎርፍ በሚያለብሳቸው ውሃዎች ይኖራል። ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው የስዊዘርላንድ ተወላጁ ተመራማሪ ሉዊ አጋሲ ሲሆን፣ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1831 ነበር። የሚገርመው፣ አጋሲ ዓሣውን የባሕር ዓሣ አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ የዛሬው ሳይንሳዊ ስሙ አስትሮኖተስ ኦሴላተስ የተሰጠው ቆይቶ ነው። በጅራቱ ሥር ያለውና በብርቱካን ቀለም የተከበበው ጥቁር ነጥብ ዓይን ይመስላል። ተመራማሪዎች ይህ የሐሰት ዓይን ክንፍ የሚቦጭቁ እንደ ፒራንያ ያሉ ዓሦችን ለማታለል እንደሚያገለግል ይገምታሉ።

ዝምድናው ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ኦስካር ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ይመደባል፤ ከጣና፣ ከዝዋይና ከሐዋሳ ሐይቆች እየተጠመደ ለገበታ የሚቀርበው ቆሮሶም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የሲክሊድ ዓሦች የታወቁበት አንድ ጠባይ ለዕንቁላላቸውና ለጫጩቶቻቸው የሚያደርጉት ብርቱ ጥበቃ ነው። ቆሮሶ እናት ዕንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ ኦስካሮች ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጽድተው ዕንቁላሉን በዚያ ላይ ይጥሉና ወንድና ሴት ሆነው ይጠብቁታል። ይህ ጥበቃ ከወሰን ጋር የተያያዘ ነው። ወሰን ያለው ዓሣ ደግሞ ድንበር ገፊ ያያል፤ የገንዳ ውስጥ ጠብ ሥሩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

በሻጩ ዘንድ ኦስካር የሚገኘው ጣት በሚያህል ቁመቱ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ነው። በዚህ ዕድሜው ከማንም ጋር የሚስማማ የዋህ ይመስላል። ሆኖም በደንብ የተመገበ ኦስካር በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ሲጎለምስም ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ዕድሜውም ከዐሥር ዓመት ይበልጣል። ጎረቤት ሲመረጥለት መታሰብ ያለበት ዛሬ የሚታየው ጨቅላ ሳይሆን ከአንድ ዓመት በኋላ የሚመጣው ጎልማሳ ነው። ይህን አለማሰብ ከስሕተቶች ሁሉ የበዛው ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ ኦስካር ጓደኛ ያስፈልገዋልን? አያስፈልገውም። ብቻውን የሚኖር ኦስካር በውሃው ጥራትና በምግቡ እስካልተበደለ ድረስ ጤነኛ ሆኖ ዕድሜውን ይጨርሳል። የሚመግበውን ሰው ለይቶ ያውቃል፤ ወደ መስታወቱ ቀርቦ ምግብ ይለምናል፤ ገንዳው ሲነካካበት ደግሞ ያኮረፈ ይመስል በጎኑ ይጋደማል። «ብቸኝነት» የሚለው ሐዘን ከተመልካቹ ልብ የወጣ እንጂ ከዓሣው የመጣ አይደለም። እርግጥ በጣም ፈሪ ለሆነ ትልቅ ዓሣ የጎረቤት ጥቅም አለ፦ በገላጣው ውሃ ላይ በእርጋታ የሚዋኝ መንጋ ማየቱ በአካባቢው አደጋ የሌለ መሆኑን ይነግረዋል፤ ከተደበቀበትም ያወጣዋል። ይሁን እንጂ ገንዳው ጠባብ ከሆነ ለዓሣው የሚደረግለት ትልቁ ደግነት ብቻውን መተው ነው።

የገንዳውን ስፋት ማወቅ ቀላል ነው። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሴንቲ ሜትር ለክቶ እርስ በርስ ማባዛትና ለ1000 ማካፈል የውሃውን መጠን በሊትር ይሰጣል። 120 በ50 በ50 የሆነ ገንዳ 300 ሊትር ይይዛል፤ ይህ ለአንድ ኦስካር ብቻ የሚበቃ ነው። ጎረቤት ለመጨመር ከ450 ሊትር በላይ ያስፈልጋል፤ 150 በ60 በ60 የሆነው 540 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ጥሩ መነሻ ነው። በአፓርታማ የሚኖር ሰው ግን አንድ ነገር ማስታወስ አለበት፦ የዚህ ገንዳ ውሃ ብቻውን ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝናል። ከመግዛት በፊት የሕንጻውን ኃላፊ መጠየቅ ይገባል።

ስፋቱ የሚፈለገው ለመዋኛ ብቻ አይደለም። ዓሣ የሚጥለው ኩስና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፤ አሞኒያ የዓሣን ስንጥብ፣ ማለትም የመተንፈሻ አካሉን፣ ያቃጥላል። በማጣሪያው ስፖንጅና ጠጠር ላይ የሚራቡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደቀነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ የሚወገደው ደግሞ በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ወይም ሲሶውን በመቀየር ነው። ኦስካር ብዙ በልቶ ብዙ የሚያቆሽሽ ዓሣ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ጎረቤት በዚህ ላይ ሸክም ይጨምራል፤ ባክቴሪያዎቹ ግን በአንድ ቀን ተራብተው አዲሱን ሸክም ሊሸከሙ አይችሉም። በአንድ ጊዜ ስድስት ትልልቅ ዓሦች የተጨመሩበት ገንዳ ጠብ ሳይነሣበት እንኳ በሳምንቱ ዓሣ ሊሞትበት የሚችለው ለዚህ ነው። ውሃው በሞቀ መጠን አሞኒያው ይበልጥ መርዛማ እንደሚሆን፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም እንደሚቀንስ ሲታሰብ የባሕረ ሰላጤው በጋ ምን ያህል እንደሚያከብደው መገመት አያዳግትም።

የቧንቧው ውሃ ነገርም እዚህ ላይ ይነሣል። በአካባቢው አገሮች ለመጠጥ የሚውለው ውሃ በአብዛኛው ጨዉ የወጣለት የባሕር ውሃ ሲሆን፣ ከጀርም ለመጠበቅ ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪን ስንጥብን ይጎዳል፤ ጠቃሚውንም ባክቴሪያ ይገድላል። ስለዚህ አዲስ ውሃ ከመጨመሩ በፊት ከዓሣ ሻጮች በሚገኘው የክሎሪን ማርከሻ መታከም አለበት። በበጋ ደግሞ በጣሪያ ላይ ባለው ታንከር የዋለ «ቀዝቃዛ» ውሃ እጅ እስኪያቃጥል ይሞቃል። ነዋሪዎች የውሃ ማሞቂያቸውን አጥፍተው ከእርሱ የሚወጣውን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት መሆኑን በእነዚህ አገሮች አንድ በጋ ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ለገንዳው የሚሆነውን ውሃ በባልዲ ቀድቶ፣ አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል አሳድሮ፣ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ መጨመር ይገባል።

ገንዳውና ውሃው ከተሰናዳ በኋላ የጎረቤቱ ምርጫ ይከተላል። የመጀመሪያው ሕግ አጭር ነው፦ በኦስካር አፍ የሚገባ ሁሉ ምግብ ነው። ኦስካር አያሳድድም፤ ድንገት አፉን በሰፊው ከፍቶ ፊቱ ያለውን ከነውሃው ይስበዋል። ጉፒ፣ ኒዮን ቴትራ፣ ትንንሽ ወርቃማ ዓሦች ለእርሱ ጎረቤት ሳይሆኑ እራት ናቸው። አዲሱ ዓሣ ቢያንስ የኦስካሩን ግማሽ ርዝመት ማከል፣ ከተቻለም መጠጋት አለበት።

ከዚህ ሕግ ውስጥ ብዙዎች የማያውቁት አንድ አደገኛ ነገር አለ። ኮሪዶራስ፣ ፒክተስ እና የመሳሰሉት ትንንሽ ጢማም ዓሦች፣ የአገር ቤቱ አምባዛ ሩቅ ዘመዶች፣ በጀርባቸውና በጎናቸው ጠንካራ እሾህ አላቸው። ሲያዙ እሾሁን አቁመው ይቆልፉታል። ሊውጣቸው የሞከረ ኦስካር አይበላቸውም፤ አይተፋቸውም፤ እሾሁ ጉሮሮው ላይ ተሰክቶ ሁለቱም ይሞታሉ። ሻጭ «የገንዳውን ወለል ያጸዳል» ብሎ የሚያቀርበው ትንሽ ዓሣ ውድ የሆነውን ትልቁን የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው።

በጥሩ ጎረቤትነት በቀዳሚነት የሚጠቀሰው ሲልቨር ዶላር ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው እንደ ብር ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ ነው፤ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የፒራንያ ዘመድ ቢሆንም በዋናነት አትክልት በል ነው። ፈጣን ስለሆነ አይያዝም፤ ገላው ከላይ እስከ ታች ሰፊ ስለሆነም አይዋጥም። የመንጋ ዓሣ በመሆኑ ግን አምስት ወይም ስድስት ሆኖ መገዛት አለበት፤ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ በፍርሃት ይኖራል። ከላይ የተነገረው የማረጋጋት ሥራም የሚሳካው በመንጋ ሲሆን ነው። በገንዳ ውስጥ ተክል ለመትከል ያሰበ ሰው ግን ሐሳቡን ይተው፤ ሲልቨር ዶላር ይበላዋል፣ ኦስካሩም ይነቅለዋል።

ከሲክሊድ ዘመዶች መካከል ሴቨረም የሚባለው፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ደቡብ አሜሪካዊ፣ ለጠብ የማይቸኩል ሆኖም ሲገፉት የማይደነብር ዓሣ ነው። የውሃ ፍላጎታቸው ከኦስካር ጋር አንድ ነው። ቲንፎይል ባርብም ይስማማል፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚያድግ የመንጋ ዓሣ ስለሆነ ለመካከለኛ ቤት ገንዳ አይሆንም።

ለወለሉ ብዙዎች የሚመርጡት ፕሌኮን ነው። ዓረብኛ ተናጋሪ ዓሣ ወዳዶች «ዘባል»፣ ማለትም ጥራጊ ሰብሳቢ፣ ይሉታል። ስሙ ግን ያሳስታል። ፕሌኮ በመስታወቱ ላይ የሚያድገውን አረንጓዴ አልጌ ይልሳል እንጂ የኦስካርን ኩስ አይበላም፤ እንዲያውም ራሱ ብዙ ኩስ ይጥላል። ተራው ፕሌኮ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ቅርፊቱ እንደ ጋሻ ጠንካራ በመሆኑ ከኦስካር ጋር ይኖራል፤ ሲገባ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ መሆን፣ የራሱ መደበቂያ ማግኘትና ማታ መመገብ አለበት። የተራበ ፕሌኮ ሌሊት በተኛው ዓሣ ጎን ላይ ተጣብቆ የቆዳውን ልጋግ ሊልስና ሊያቆስለው ይችላል።

ሌላው አማራጭ ቢቺር ነው። እባብ መሰል ገላ ያለው፣ ወደ ውሃው ፊት ወጥቶ አየር የሚስብ ጥንታዊ የአፍሪካ ዓሣ ሲሆን፣ በጋምቤላ በባሮ ወንዝም ይኖራል። ዓይኑ ደካማ፣ አበላሉ ዘገምተኛ ነው። ኦስካር ደግሞ ስስታም ስለሆነ ቀድሞት ይጨርስበታል። ለቢቺር የሚሆነው ምግብ መብራት ከጠፋ በኋላ ወለሉ ላይ ካልተጣለለት በጥጋበኛ ጎረቤቱ አጠገብ እየተራበ ይከሳል።

ፈጽሞ የማይመከሩትን በአጭሩ መጥቀስ ይበቃል። ሬድ ዴቪልና ጃጓር ሲክሊድ ከኦስካር ይበልጥ ጠበኞች ናቸው፤ የኦስካር ግዝፈት ሰዎችን ቢያታልልም በጠባዩ መካከለኛ እንጂ ኃይለኛ አይደለም። ከማላዊ ሐይቅ የመጡት ባለ ደማቅ ቀለም ሲክሊዶች ጠንካራ፣ አልካሊነቱ ከፍ ያለ ውሃ ይፈልጋሉ፤ በዚያ ላይ ነካሾች ናቸው። ወርቃማ ዓሣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይሻል፤ ተበልቶም ቢሆን አይጠቅምም፣ በሥጋው ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አለና። «የወንዝ ሻርክ» ተብሎ የሚሸጠው ፓንጋሲየስ ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ የሜኮንግ ወንዝ ዓሣ ነው፤ ለማንም ቤት አይሆንም። ኤሊም ከዓሣ ጋር አይቀመጥም፤ ክንፍ ይቦጭቃል።

ሁለተኛ ኦስካርስ? ወንድና ሴታቸው በመልክ አይለይም፤ ስለዚህ ሁለት መግዛት ዕድልን መሞከር ነው። ከተጣመሩ ዕንቁላል በጣሉ ጊዜ ሌላውን ነዋሪ ሁሉ ወደ ጥግ ይገፋሉ፤ ካልተስማሙ ደካማው ይደበደባል። ሦስት ሲሆኑ ሁለቱ በሦስተኛው ላይ ያብራሉ። ከጨቅላነታቸው አብረው ያደጉ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ዋስትና ግን አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ በመጅሊሶች የሚታዩ ሌሎች ሁለት ትልልቅ ብቸኞችም መነሣት አለባቸው። ግንባሩ እንደ ጉብታ ያበጠው ፍላወርሆርን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ በማሌዥያ በማዳቀል የተገኘ ዓሣ ነው፤ ለእርሱ ጎረቤት መፈለግ ትርፉ ድካም ስለሆነ ብቻውን ይተው። ሲልቨር አሮዋና ደግሞ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያድግ የውሃ ፊት ዋናተኛ ሲሆን፣ ከገንዳ ዘሎ ስለሚወጣ ጠንካራ ክዳን ይፈልጋል። የእስያው አሮዋና በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ የሚደረግለት ነውና ያለ ሕጋዊ ሰነድ መግዛት አይቻልም።

ምርጫው ትክክል ቢሆንም አገባቡ ካልታወቀ ሊበላሽ ይችላል። አዲስ ዓሣ ከሱቅ በሽታ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል በሌላ ትንሽ ገንዳ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ተለይቶ ይቆይ። በመግቢያው ቀን ኦስካሩ አስቀድሞ ጠግቦ ይብላ፤ ከዚያም ድንጋዮቹና ግንዶቹ ከቦታቸው ይዛወሩ። ቤቱ የተለወጠበት ኦስካር የትኛው ወሰን የእርሱ እንደሆነ እንደገና መፈለግ ይጀምራል፤ በዚህ መካከል አዲሶቹም ቦታ ይይዛሉ። ከረጢቱ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሙቀቱ እኩል ከሆነ በኋላ፣ መብራቱን አጥፍቶ ዓሦቹን መልቀቅ ይገባል። የከረጢቱ ውሃ ግን ወደ ገንዳው አይፈስስም።

ቀጣዮቹ ቀናት የትዝብት ቀናት ናቸው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ መገፋፋትና አፍ ለአፍ መያያዝ ሊኖር ይችላል፤ ይህ ማዕረግ መለያ ነው። የተቀደደ ክንፍ፣ የተነቀለ ቅርፊት፣ ከማሞቂያው ጀርባ ወይም ከውሃው ፊት ጥግ ተለጥፎ የማይወጣ ዓሣ፣ ቀለሙ የገረጣና ምግብ እምቢ ያለ ዓሣ ከታየ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። ውሃ በሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ ገንዳውን ለሁለት ከፍሎ ማኖር ለጊዜው ይረዳል፤ ካልተሻሻለ አንዱ መውጣት አለበት። በኦስካሩ ራስ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ጉድጓዶች ከታዩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከውሃው መቆሸሽና ከምግቡ አንድ ዓይነት መሆን ጋር የተያያዘ ሕመም ነው፤ ገንዳው ከአቅሙ በላይ መጨናነቁንም ሊያመለክት ይችላል።

ገንዳውን የምትይዘው የቤት ሠራተኛ ከሆነች ጥቂት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። ትጉህ ሰው ዕቃን በሳሙና ማጠብ ይወዳል፤ ገንዳ ግን ሳሙና አይችልም። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ማጠብም ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል። የነፍሳት መግደያ ርጭት በክፍሉ ከመረጨቱ በፊት ገንዳው መሸፈንና የአየር ፓምፑ ለጊዜው መቆም አለበት፤ በእነዚህ ርጭቶች ውስጥ የሚገኘው መርዝ ለዓሣ እጅግ አደገኛ ነው። ቤተሰቡ ለበጋ ዕረፍት ሲሄድ አየር ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

ችግር ሲታይ በዚያው ሰዓት ለአሠሪ መናገር ነገ ከሚመጣው ወቀሳ ያድናል። ቋንቋው ለሚቸግራት ሁለት አጫጭር የባሕረ ሰላጤ ዓረብኛ ዐረፍተ ነገሮች ይበቃሉ፦ «አስ-ሰመካ ማ ታኩል»፣ ዓሣው አይበላም፤ «አል-ማይ ሓር»፣ ውሃው ሞቋል። ገንዳ በዓረብኛ «ሐውድ» ነው። አዲስ ዓሣ የገባበትን ቀን፣ የሞተውን፣ ውሃ የተቀየረበትን ዕለት በትንሽ ደብተር መጻፍም ለጥያቄ መልስ ይሆናል።

ያልተስማማው ዓሣ የሚሄድበት ቦታ ግን አስቀድሞ ይታሰብ። አንዳንድ ሻጮች በዋጋ ቀንሰውም ቢሆን መልሰው ይቀበላሉ፤ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይቻላል። ወደ ወንዝ፣ ወደ ግድብ ወይም ወደ መናፈሻ ኩሬ መልቀቅ ክልክል እንደሆነ ይቆጠር። በፍሎሪዳ ከሰው እጅ ያመለጡ ኦስካሮች ዛሬ በዱር ውሃ ተራብተው ይኖራሉ፤ ፕሌኮዎችም በዚያውና በሜክሲኮ የወንዝና የሐይቅ ዳርቻዎችን ለመጠለያ እየቦረቦሩ ያፈርሳሉ።